የሉዊስ ካሮል ሕይወትና የቃላት ጨዋታው

ሰው በአንድ ሥራ ስሙ የገነነ እንደ ሆነ ሌላው ሥራው በዚያ ጥላ ሥር ተሸፍኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሉዊስ ካሮል የተባለው የእንግሊዝ ደራሲ ስሙ በተነሣ ቍጥር በሕፃኑም በአዋቂውም አሳብ ወዲያው የምትመጣው አሊስ ናት፤ ነጭ ጥንቸል ተከትላ በጕድጓድ ወደ ድንቅ አገር የወረደችው ልጅ። ነገር ግን ይህ ሰው ከደራሲነቱ ሌላ የሒሳብ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን ዲያቆንና ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ከዚህም ሁሉ ጋር የእንግሊዝኛን ቃላት እንደ ገበጣ ጠጠር እያነሣ እየጣለ አዳዲስ ጨዋታ የሚያወጣ ብልኅ ሰው ነበር። የፊደሎቹ ቍጥር የተወሰነ ቃል ፈልጎ ማግኘት፣ ወይም የተሰጡትን ፊደሎች በውስጡ የያዘ ቃል ፈልጎ ማግኘት፣ ዛሬ በብዙ አገር ሰው በጋዜጣና በስልክ የሚጫወተው ጨዋታ ነው። የዚህን ጨዋታ ታሪክ ወደ ኋላ የተከተለ ሰው በመንገዱ ላይ ሉዊስ ካሮልን ሳያገኝ አያልፍም።

የሕይወቱን ታሪክ በዚህ መጽሔት ለመጻፍ የመረጥነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለምንማር ሁሉ ጨዋታው ታላቅ አጋዥ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን፣ ይህ የቃላት ሊቅ የተባለ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዕድሜውን ሁሉ ምላሱ የሚይዘው ተብታባ ስለ ነበረ ነው። ቃል በአፉ እምቢ ያለው ሰው በቃል እንዴት እንደ ሠለጠነ ማወቅ ለማንም ትምህርት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚነበቡት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ልደቱና የልጅነት ዘመኑ

እውነተኛ ስሙ ቻርልስ ላትዊጅ ዶጅሰን ነው። ጃንዋሪ 27 ቀን 1832 ዓ.ም. ቼሻየር በተባለው የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር፣ ዳርስበሪ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። ቤተ ሰቡ ሰፊ ነበር፤ ሰባት ሴቶችና አራት ወንዶች፣ በድምሩ 11 ልጆች ነበሩ። ቻርልስ ሦስተኛ ልጅ ሲሆን ከወንዶቹ ግን በኵር ነበር።

በ1843 ዓ.ም. አባቱ ወደ ሌላ ደብር ስለ ተዛወሩ ቤተ ሰቡ ሁሉ ዮርክሻየር ውስጥ ወዳለው ወደ ክሮፍት መንደር ሄደ። ያን ጊዜ ቻርልስ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። በአዲሱ ቤት ሰፊ የአትክልት ቦታ ስለ ነበረ ታናናሾቹን ሰብስቦ ማጫወት የእርሱ ሥራ ሆነ። በአትክልቱ ቦታ የባቡር መንገድ አስመስሎ ጣቢያ እየሠራ፣ ተሳፋሪዎቹ የሚጠብቋቸውን ደንቦች ጽፎ እየለጠፈ፣ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ያንሸራሽራቸው ነበር። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ጨዋታ ያለ ሕግ እንደማይጥመው ነው። ሕጉም ሌላውን ለማስጨነቅ ሳይሆን ጨዋታው እንዲያምር ነበር።

የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1845 ዓ.ም. ለቤተ ሰቡ በእጅ የተጻፈ አንድ መጽሔት አዘጋጀ፤ ስሙንም «ጠቃሚና አስተማሪ ግጥም» አለው። ከዚያም በኋላ ሌሎች የቤት መጽሔቶች ተከታተሉ። ከነዚህም የመጨረሻው «ሚሽማሽ» ይባል ነበር፤ በጀርመንኛ ድብልቅልቅ ማለት ነው። ይህን ስም አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ ፊት ሌላ ሥራ ይሠራል። ግጥም፣ ሥዕል፣ ቀልድና እንቆቅልሽ ሁሉ በነዚህ ገጾች ላይ ነበሩ። በተማሪ እጅ የሚዘጋጅ መጽሔት ከንቱ ድካም የሚመስለው ሰው ቢኖር የዚህን ልጅ ታሪክ ቢያይ መልካም ነው፤ ኋላ ዓለም ያደነቀለት ሥራ በዘሩ የተገኘው በነዚህ የእጅ ጽሑፎች ላይ ነበርና።

ትምህርቱና የምላሱ ችግር

በ12 ዓመቱ ሪችመንድ በምትባል ከተማ ወዳለው ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1846 ዓ.ም. ደግሞ ስመ ጥር ወደ ሆነው ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ተላከ። በትምህርቱ፣ ይልቁንም በሒሳብ፣ መምህራኑ ያመሰገኑት ተማሪ ነበር። ኑሮው ግን አልተመቸውም። በመኝታ ቤት ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ያስጨንቁ ስለ ነበረ የራግቢን ዘመን በኋላ ባሰበው ጊዜ ያንኑ ዘመን ደግሞ ለመኖር በምንም ዋጋ እንደማይፈቅድ ጽፏል።

ከሁሉ የከበደው ግን የምላሱ ነገር ነበር። መናገር በጀመረ ጊዜ ቃሉ ከአፉ ሊወጣ ሲል ይያዝበታል፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ ድምፁ አይወጣም። ከወንድሞቹና ከእኅቶቹም ብዙዎቹ ይህ ችግር ነበረባቸው። በዚህ ላይ የቀኝ ጆሮው አጥርቶ አይሰማም ነበር። ካደገም በኋላ ንግግር ወደሚያቃኑ አስተማሪዎች እየሄደ ልምምድ አደረገ፤ ጥቂት ቢሻለውም ፈጽሞ አልተወውም።

በጃንዋሪ ወር 1851 ዓ.ም. ኦክስፎርድ በሚገኘው ክራይስት ቸርች በተባለው ኮሌጅ ለመማር ገባ። ሁለት ቀን እንኳ በደንብ ሳይቀመጥ እናቱ በ47 ዓመታቸው ማረፋቸው ተነገረውና ለቀብር ወደ ቤቱ ተመለሰ። እንዲህ ባለ ኀዘን የጀመረውን ትምህርት ግን በትጋት ፈጸመ፤ በ1854 ዓ.ም. በሒሳብ ትምህርት አንደኛ ማዕርግ አገኘ። በሚከተለው ዓመት በዚያው ኮሌጅ የሒሳብ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ እስከ 1881 ዓ.ም. ድረስም አስተማረ። ማስተማሩን ከተወ በኋላም መኖሪያው እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ሆኖ ቀረ። ከገባበት ቀን እስከ ዕለተ ሞቱ 47 ዓመት መሆኑ ነው።

በኮሌጁ ደንብ መሠረት በዚያ የሚኖር ሊቅ ሚስት ሳያገባ መኖርና ወደ ክህነት መግባት ነበረበት። ዶጅሰንም ዲሴምበር 22 ቀን 1861 ዓ.ም. ዲቁና ተቀበለ። ወደ ቅስና ግን አላለፈም፤ ዕድሜውን ሁሉ ዲያቆን ሆኖ ኖረ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ ከነዚህም አንዱ በጉባኤ ፊት ቆሞ ማንበብና መስበክ ለተብታባ ሰው የሚያስፈራ ነገር መሆኑ ነው። ሆኖም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደፈረ ይሰብክ ነበር። አባቱ በሄዱበት መንገድ እስከ መጨረሻው ሊሄድ አለመቻሉ ቀላል ነገር አልነበረም።

የብዕር ስሙና የታወቀው መጽሐፉ

ዶጅሰን በወጣትነቱ ለልዩ ልዩ ጋዜጦች አስቂኝ ግጥምና ድርሰት ይልክ ነበር። በ1856 ዓ.ም. ጽሑፉን የሚያወጣለት የአንድ መጽሔት አዘጋጅ የብዕር ስም እንዲመርጥ ጠየቀው። ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ጠባዩን በደንብ ያሳያል። የራሱን ሁለት ስሞች፣ ቻርልስ ላትዊጅን፣ በእንግሊዝኛ የሚጻፉባቸውን 15 ፊደሎች ወሰደና እየበታተነ እንደ ገና ሰበሰባቸው። አንዲትም ፊደል ሳይጨምር፣ አንዲትም ሳይቀንስ፣ «ኤድጋር ከትዌሊስ» የሚል ስም አወጣ፤ ደግሞም በትኖ «ኤድጋር ዩ. ሲ. ዌስትሂል» የሚል ሌላ ስም አወጣ። ቀጥሎ መንገዱን ለወጠ። ስሞቹን ወደ ላቲን ሲመልሳቸው ቻርልስ «ካሮሉስ»፣ ላትዊጅ «ሉዶቪኩስ» ሆኑ፤ የኋላውን ፊት፣ የፊቱን ኋላ አድርጎ ወደ እንግሊዝኛ ሲያመጣቸው «ሉዊስ ካሮል» ሆነ። አዘጋጁም ከቀረቡለት ስሞች ይህን መረጠ። ዓለም የሚያውቀው ስም እንዲህ ባለ የፊደልና የቃል ጨዋታ የተወለደ ነው።

ጁላይ 4 ቀን 1862 ዓ.ም. ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ የኮሌጁን አለቃ የሄንሪ ሊድልን ሦስት ሴቶች ልጆች በጀልባ አሳፍሮ በቴምዝ ወንዝ ላይ ወደ ጎድስቶው ሄደ። የልጆቹ አባት ስመ ጥር የሆነውን የግሪክኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ካዘጋጁት ሁለት ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። በመንገድ ላይ ልጆቹ ተረት እንዲነግራቸው ለመኑት፤ እርሱም ከመካከለኛዋ ከአሥር ዓመቷ ከአሊስ ስም ወስዶ አንድ ታሪክ እየፈጠረ ነገራቸው። አሊስ ታሪኩን እንዲጽፍላት አጥብቃ ስለ ለመነችው በእጁ ጽፎና ሥዕል ሥሎ በ1864 ዓ.ም. ሰጣት። በሚከተለው ዓመት ሰዓሊው ጆን ቴኒየል ሥዕሎቹን ሠርቶለት መጽሐፉ ታተመ። የመጀመሪያዎቹ 2,000 ቅጂዎች ከማተሚያ ቤት ሲወጡ ሰዓሊው በኅትመቱ ጥራት ስላልተደሰተ ዶጅሰን በራሱ ኪሳራ እንደ ገና እንዲታተም አደረገ። ሁለተኛው የአሊስ መጽሐፍ በ1871 ዓ.ም. መጨረሻ ወጣ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጕሟል። ሁለት ቃላትን ባንድ ላይ አጣብቆ አዲስ ቃል ማውጣትም ልማዱ ነበርና በሁለተኛው መጽሐፍ ያወጣው «ቾርትል» የሚለው ቃል፣ ማለትም በደስታ እየተንከተከተ ሳቀ፣ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገብቶ ቀርቷል።

ከልጆች ጋር ሲሆን ምላሱ ይፈታለት ነበር እየተባለ ይነገራል፤ የሚያውቁት ሁሉ ግን በዚህ አልተስማሙም። ከሕፃናት ጋር ስለ ነበረው ወዳጅነትና ስላነሣቸው ፎቶግራፎችም በኋላ ዘመን የነበሩ ጸሐፊዎች ብዙ ተከራክረዋል። ከ13 የዕለት መዝገቦቹ 4ቱ ስለ ጠፉ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቈረጠም። እኛ ወደ ሥራው እንመለስ።

የገና በዓል ጨዋታ

በ1877 ዓ.ም. የገና በዓል ሁለት ልጃገረዶች የሚሠሩት ነገር አጥተው ተሰላቹ። እነዚህ ልጆች ጁሊያና ኤተል አርኖልድ ይባላሉ፤ ከዶጅሰን በፊት የራግቢ ትምህርት ቤት ዋና አስተማሪ የነበሩት የታዋቂው የቶማስ አርኖልድ የልጅ ልጆች ናቸው። የሚያጫውተን አጣን ቢሉት ዶጅሰን አንድ አዲስ ጨዋታ አወጣላቸው። መጀመሪያ «የቃል ሰንሰለት» እንደ ማለት ያለ ስም ሰጠው፤ ኋላ ግን «ደብሌትስ» ብሎ ጠራው፤ ጥንዶች ማለት ነው።

የጨዋታው ሕግ እንዲህ ነው። የፊደላቸው ቍጥር እኩል የሆነ ሁለት ቃላት ይሰጣሉ። ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ቃል ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው መድረስ አለበት። በያንዳንዱ እርምጃ መለወጥ የሚችለው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ የቀሩት ፊደሎች ከቦታቸው አይነቃነቁም። በመካከል የሚገኘው ሁሉ ደግሞ ሰው የሚያውቀው እውነተኛ ቃል መሆን አለበት። በጥቂት እርምጃ የደረሰ ሰው ያሸንፋል።

ከሰጣቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሄድ» የሚለውን ቃል፣ ማለት ራስን፣ ወደ «ቴይል»፣ ማለት ወደ ጅራት፣ መለወጥ ነው። ሄድ የሚጻፈው በኤች፣ በኢ፣ በኤ፣ በዲ ነው። ቴይል የሚጻፈው በቲ፣ በኤ፣ በአይ፣ በኤል ነው። መጀመሪያ የመጨረሻውን ዲ በኤል ብንለውጥ «ሂል» ይሆናል፤ ትርጓሜውም ፈወሰ ነው። የመጀመሪያውን ኤች በቲ ብንለውጥ «ቲል» ይሆናል፤ አንድ ዐይነት የዱር ዳክዬ ነው። ሦስተኛውን ፊደል፣ ኤን፣ በኤል ብንለውጥ «ቴል» ይሆናል፤ ንገር ማለት ነው። ሁለተኛውን ፊደል፣ ኢን፣ በኤ ብንለውጥ «ቶል» ይሆናል፤ ረጅም ማለት ነው። አሁን ሦስተኛውን ኤል በአይ ብንለውጠው «ቴይል» ሆነ። እነሆ፣ ራስ በአምስት እርምጃ ጅራት ሆነ!

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ልዩ ትምህርት አለው። በእኛ ፊደል አንዱ ሆሄ ከነድምፁ የቆመ ስለ ሆነ የተጻፈውን እንዳለ ማንበብ ይቻላል። በእንግሊዝኛ ግን እንደዚያ አይደለም። ከላይ እንዳየነው ከሄድ ወደ ሂል ስንሄድ የለወጥነው የመጨረሻውን ፊደል ብቻ ነው፤ በመካከል ያሉት ኢ እና ኤ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ድምፃቸው ግን ተለወጠ። ደብሌትስን የተጫወተ ሰው የእንግሊዝኛን ቃል በጆሮው ብቻ ሳይሆን በዐይኑ ማጥናት እንዳለበት በግድ ይማራል። በፈተና ወረቀት ላይ የፊደል ስሕተት የሚያበዛ ተማሪ ሁሉ ከዚህ ጨዋታ የሚያገኘው ጥቅም ግልጽ ነው።

ሌላው ጥያቄ ስንዴን ወደ ዳቦ መለወጥ ነበር። ስንዴ «ዊት»፣ ዳቦ «ብሬድ» ይባላሉ፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም ባለ አምስት ፊደል ናቸው። በገበሬ ቤት ስንዴ ዳቦ እስኪሆን ድረስ መፈጨት፣ መቦካትና መጋገር አለበት፤ በዶጅሰን ቤት ግን በመካከላቸው ስድስት ቃላት ማስገባት ይበቃል።

ማርች 29 ቀን 1879 ዓ.ም. ጨዋታው «ቫኒቲ ፌር» በተባለው የለንደን መጽሔት የአንባቢዎች ውድድር ሆኖ መውጣት ጀመረ። ብዙ ሰውም ተያዘበት። ወዲያው ግን ክርክር መጣ። አንዳንዱ ተጫዋች ከአሮጌ መዝገበ ቃላት ማንም የማያውቀውን ቃል እያወጣ ያቀርብ ጀመር። ዶጅሰንም በዚያው ዓመት ጨዋታውን በመጽሐፍ መልክ ሲያወጣ የተፈቀዱትን ቃላት ዝርዝር አብሮ አሳተመ። የተማረ ሰው በተለመደ ንግግሩ የማይጠቀምበት ቃል እንዲገባ አልፈቀደም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጨዋታው የታሰበው መዝገበ ቃላት የሚገለብጥ ሰው እንዲያሸንፍበት ሳይሆን፣ ሰው ሁሉ በቤቱ ያለውን የቃል ሀብት ቈጥሮ እንዲያውቅ ነው። የምናውቀው ቃል ብዙ ነው፤ በተፈለገ ጊዜ ከች የሚለው ግን ጥቂት ነው።

የተሰጡ ፊደሎችን የያዘ ቃል

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ሌላ የቃል ጨዋታ አወጣ። ለዚህም ያን የድሮውን የቤት መጽሔታቸውን ስም መልሶ «ሚሽማሽ» አለው። ይህ ለሁለት ሰዎች የሚሆን ጨዋታ ነው። አንዱ ተጫዋች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ፊደሎች ይሰጣል፤ ሌላው እነዚያን ፊደሎች በተሰጡበት ተራ፣ በመካከላቸው ሌላ ሳይገባ፣ በውስጡ የያዘ ቃል ማግኘት አለበት። የሰው ወይም የአገር ስም አይፈቀድም። ለምሳሌ ኤን፣ ኬ፣ ኢ የሚሉት ሦስቱ ፊደሎች ቢሰጡ «መንኪ» (ጦጣ) ወይም «ዶንኪ» (አህያ) ማለት ይቻላል። ጂ እና ፒ ተከታትለው ቢሰጡ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ዶጅሰን ራሱ ለዚህ ያሳየው ምሳሌ «ማግፓይ» የተባለችው ወፍ ናት።

የዚህ ጨዋታ ብልኀቱ ጠያቂውም ራሱ መልሱን ሳያውቅ መጠየቅ መቻሉ ነው። ስለዚህ መላሹ ቃሉ የለም ብሎ ተስፋ ይቍረጥ ወይስ ይፈልግ የሚለው ጭንቀት ይይዘዋል። የእኛ ሰው ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ እንቆቅልሽ ሲባባል መልስ ያጣ ሰው አገር ስጠኝ ተብሎ አገር እንደሚሰጥ ሁሉ፣ በሚሽማሽም የተሸነፈ ነጥብ ይከፍላል።

በዲሴምበር 1880 ዓ.ም. ደግሞ በዕለት መዝገቡ ላይ አንድ አሳብ ጻፈ፤ ይኸውም በሰንጠረዥ ገበታ ላይ ፊደሎችን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ቢወጣ መልካም እንደሚሆን ነው። ይህን አሳብ እርሱ ወደ ፍጻሜ አላደረሰውም። ከ50 ዓመት በኋላ ግን አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ሥራ ፈትቶ ሳለ፣ ዶጅሰንን ሳይከተል በራሱ መንገድ፣ ፊደሎችን በገበታ ላይ የሚደረድር ጨዋታ አወጣ። ይህ ጨዋታ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ «ስክራብል» ተብሎ በዓለም ሁሉ ታወቀ።

የሌሊት ሥራው

ዶጅሰን በቀን የሚሠራው ሥራ ብዙ ነበር። የጻፋቸውንና የተቀበላቸውን ደብዳቤዎች ከ1861 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱን በቍጥር ይመዘግብ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ቍጥሩ 98,721 ደርሷል። ይህ በ37 ዓመት ውስጥ በየቀኑ ከሰባት የሚበልጥ መሆኑ ነው። ከዚህ ሌላ ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ሎጂክ መጻሕፍት አሳትሟል።

ከባዱ ግን ሌሊቱ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ሲለው የማይፈልገው አሳብ፣ ጥርጣሬና ኀዘን እየመጣ ያስጨንቀው ነበር። ከዚህ የሚያመልጥበትን መንገድ ራሱ ፈለገ፤ በጨለማ ተኝቶ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ያነሣና ያለ ወረቀት በልቡ እየሠራ እስከ መልሱ ይደርሳል። በ1893 ዓ.ም. እንዲህ የሠራቸውን 72 ጥያቄዎች በመጽሐፍ አሳተመ። ወዳጆቹ ስለ ጤንነቱ ቢሠጉ፣ በሁለተኛው እትም የእንቅልፍ እጦትን የሚያመለክተውን ቃል ለወጠው፤ ለሰው እንዲህ ያስብ ነበር። በ1891 ዓ.ም. ደግሞ መብራት ሳያበሩ በጨለማ የሚጽፉበት ባለ ቀዳዳ ካርቶን ሠራ፤ የሌሊት አሳቡ ነግቶ እንዳይጠፋበት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ጨዋታና እንቆቅልሽ ለዚህ ሰው የሥራ ፈት ነገር እንዳልነበረ ነው። አእምሮ ባዶ ቤት ሲሆን የማይጠሩት እንግዳ ይገባበታል፤ በሕግ የታጠረ ትንሽ ሥራ የሰጡት አእምሮ ግን ያርፋል። ለሁለቱ ልጃገረዶች የሰጠው ስጦታም ይኸው ነበር፤ ስልቸታቸውን በሚያስብ አእምሮ ለወጠላቸው።

ዕረፍቱና ከእርሱ በኋላ

በ1898 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጊልፎርድ በምትባል ከተማ በእኅቶቹ ቤት በዓሉን ሲያሳልፍ ኢንፍሉዌንዛ ያዘው፤ በሽታውም ወደ ሳንባ ምች ተለወጠበት። ጃንዋሪ 14 ቀን፣ 66 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ዐረፈ። እዚያው ጊልፎርድ ተቀበረ።

ጨዋታው ግን አልሞተም። ዶናልድ ክኑት የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ 5,757 ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላት ሰብስቦ አንድ ፊደል በመለወጥ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በኮምፒዩተር መረመረ። ሥራውንም በ1993 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። ከነዚህ መካከል 671 ቃላት ከማንም ጋር የማይገናኙ ብቸኞች ሆነው ተገኙ። ከብቸኞቹም አንዱ «አሉፍ» የሚለው ቃል ነው፤ ትርጓሜው ከሌሎች ተለይቶ የቆመ ማለት ነው። የቀሩት ከአምስት ሺሕ በላይ ቃላት ግን ቢያንስ አንድ ጎረቤት አላቸው። ዶጅሰን ለሁለት ልጆች መጫወቻ ያወጣው ሕግ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሊቃውንት የምርምር መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

የዚህን ሰው ሕይወት ስንመለከት አንድ ነገር ልብ እንላለን። ተብታባ ሰው ሊናገረው የፈለገው ቃል አልወጣ ሲለው ሌላ ቃል ፈልጎ በዚያ ዞሮ ለመሄድ ይሞክራል። በአንድ በኩል የተዘጋውን በር በሌላ በኩል መፈለግ የዘወትር ሥራው ነው። ዶጅሰን ጨዋታዎቹን ያወጣው ስለዚህ ነው ብለን መናገር አንችልም፤ ነገር ግን የጨዋታዎቹ ሁሉ መንፈስ ይኸው ነው። ይህ ፊደል አይነካም፣ ከዚህ ቍጥር አይታለፍም፣ ይህ ቃል አይፈቀድም ተብሎ በታጠረ ቦታ ውስጥ መውጫ መንገድ አለ፤ የሚገኘው ግን አንዲት ፊደል፣ አንዲት እርምጃ እየለወጡ በትዕግሥት ለሚሄድ ሰው ነው። ቅስናን ያላገኘ ዲያቆን፣ በጉባኤ ፊት ምላሱ የሚያዝ መምህር፣ በዚህ መንገድ ሄዶ ለብዙ ሰው የሚተርፍ ደስታ አገኘ።

ለመጨረሻ፣ የክፍል ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜ እንዲሞክሩት ሁለት ጥያቄ እንተዋለን። አንደኛው፣ «ካት» የሚለውን ቃል፣ ማለት ድመትን፣ ወደ «ዶግ»፣ ማለት ወደ ውሻ፣ ለውጡ፤ በመካከል ሁለት ቃላት ይበቃሉ። ሁለተኛው፣ ቲ፣ ሲ፣ ኤች የሚሉትን ሦስት ፊደሎች ተከታትለው የያዘና ሰባት ፊደል ያለው ቃል አምጡ፤ በየቤታችን ምግብ የሚሠራበት ክፍል ስሙ ነው። ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር ቢሞክሩት አይከፋም።